መብራት ሲመጣ ራሱ የሚነሳ፦ ለቤት የፊልም ሰርቨር ኦፐሬቲንግ ሲስተም አመራረጥ

እናቴ ከቲቪው የምትፈልገው አንድ ነገር ነው። ትከፍተዋለች፣ የወንድሜን የሰርግ ቪዲዮ ወይም ያልጨረሰችውን ድራማ ትመርጣለች፣ ታያለች። ከጀርባው ምን እንዳለ ጉዳይዋ አይደለም። እኔ ግን የመጀመሪያውን ሰርቨሬን ስሠራ ያሰብኩት ስለ ፕሮሰሰሩና ስለ ገጹ ማማር ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መብራት ጠፍቶ መጣ። እኔ ከተማ ውስጥ አልነበርኩም። ስልኬ ጮኸ። «አንተ፣ ያ ነገርህ እኮ ሞቶ ቀረ!»

ጥፋቱ የኔው ነበር። ምን እንዳጠፋሁ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን «ለቤት ሰርቨር የቱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይሻላል?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሼ የምጠይቀው ይህን ነው፦ እናንተ ቤት በሌላችሁበት መብራት ሄዶ ቢመጣ፣ ማንም ሳይነካው ተነስቶ ፊልሙን ያሳያል ወይ? ይህን ፈተና ያለፈ ሁሉ ለኔ ጥሩ ነው። ያላለፈ ግን የፈለገውን ያህል ቢያምር አልፈልገውም።

ለማያውቅ ሰው፣ ሀሳቡ ቀላል ነው። ፊልሙ፣ ድራማው፣ መዝሙሩ፣ የልጆቹ ልደት ቪዲዮ አንድ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ቲቪውና ስልኮቹ በቤቱ ዋይፋይ በኩል ከሱ ያያሉ። ኢንተርኔት ቢቋረጥም ራውተሩ እስከበራ ድረስ ይሠራል፤ ዳታም አይበላም። ለኛ ሀገር ሰው ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው።

ለዚህ ሥራ የታወቁት ፕሮግራሞች ፕሌክስ፣ ኤምቢና ጄሊፊን ናቸው። እኔ የምመክረው ጄሊፊንን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ኤምቢ ኮዱን ሲዘጋ ከሱ ተገንጥሎ የወጣ ነው። ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፣ የኢንተርኔት አካውንትም አይጠይቅም። ፕሌክስ ላይ የቪዲዮ ቅየራን (ምን እንደሆነ ከታች አለ) በግራፊክስ ቺፕ ማሠራት ክፍያ ይፈልጋል። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ደግሞ ከቤት ውጭ ሆኖ ማየትም በክፍያ ሆኗል። በዶላር ካርድ መክፈል ለማይችል ሰው ምርጫው እዚሁ ላይ ያልቃል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ጄሊፊንን ታሳቢ ያደረገ ነው።

1. መጀመሪያ ማሽኑን እወቁት

አዲስ ኮምፒውተር አትግዙ። ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ሚኒ ፒሲ ወይም ጥግ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል። ማየት ያለባችሁ የኢንቴሉን ፕሮሰሰር ቁጥር ነው። ኮር አይ5-6500 ከሆነ 6ኛ ትውልድ ነው፣ 8500 ከሆነ 8ኛ፣ 10500 ከሆነ ደግሞ 10ኛ።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ቲቪው ወይም ስልኩ የቪዲዮውን ዓይነት ማጫወት ካልቻለ ሰርቨሩ እዚያው በዚያው እየቀየረ ይልክለታል። ትራንስኮድ የሚባለው ይሄ ነው። ፕሮሰሰሩ ብቻውን ከሠራው ያልበዋል፣ ፊልሙም ይቆራረጣል። ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የሚመጣው የኢንቴል ግራፊክስ ግን ይህን ሥራ ሳይተነፍስ ይሠራዋል። 6ኛ ትውልድ ኤች.264ንና ተራውን ኤችኢቪሲ ይችላል፤ እነዚህ ቪዲዮ የሚታመቅባቸው ዓይነቶች ናቸው። አሁን በብዛት የሚገኘውን ባለ 10 ቢት ኤችኢቪሲ የሚችለው ከ7ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። ኤቪ1 የሚባለውን ማንበብ የሚችለው ደግሞ ከ11ኛ ወዲህ ነው።

የቤታችሁ ፋይል አብዛኛው ኤች.264 ከሆነ አትጨነቁ። እሱን ዛሬ ያለ ቲቪና ስልክ ሁሉ ማለት ይቻላል እንዳለ ያጫውተዋል፤ ሰርቨሩ ፋይሉን ከማቀበል ውጪ ሥራ የለውም።

ራም 4 ጊጋባይት ለሊኑክስ (ነፃው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፤ ከታች ያሉት ዴቢያንና ኡቡንቱ የሱ ዓይነቶች ናቸው) ይበቃል። ለዊንዶውስ ግን 8 ይኑር።

ስለ ላፕቶፕ አንድ ነገር ልጨምር። ባትሪው የሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕ ማለት ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ፣ በሆዱ የያዘ ሰርቨር ማለት ነው። ግን ዲስኩንም አስቡት። ከዩኤስቢው መብራት የሚወስደው ትንሹ ዲስክ አብሮ ይቆያል፤ የራሱ አዳፕተር ያለው ትልቁ ዲስክ ግን መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ ደግሞ አውጡት፣ ቀልድ አይደለም።

2. ዲስኩ ላይ ምን አለ?

ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ነው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚመርጠው። ፊልሞቹ የተቀመጡበት ዲስክ ምናልባት ኤንቲኤፍኤስ ነው፣ ማለትም በዊንዶውስ ፎርማት የተደረገ። ሊኑክስ ያነበዋል፣ ይጽፍበታልም። ግን ዲስኩ የመጣበት ዊንዶውስ ላይ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባለው በርቶ ከነበረ፣ ኮምፒውተሩ ጠፋ ስትሉ በእውነት አልጠፋም፤ አሸልቧል። ያን ዲስክ ሊኑክስ ላይ ስትሰኩት ወይ አይከፈትም ወይ ማንበብ ብቻ ይፈቅዳል። መፍትሔው ዲስኩን ከመንቀላችሁ በፊት ዊንዶውሱ ላይ ያንን ማጥፋትና ኮምፒውተሩን በደንብ መዝጋት ነው።

ኤክስፋት የሆነ ዲስክ ለፍላሽ ጥሩ ነው፣ ለሰርቨር አልወደውም። የሚጽፈውን ቀድሞ የሚመዘግብበት መዝገብ የለውም፤ እየጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ የመበላሸት ዕድሉ ሰፊ ነው። የሊኑክሱ ኤክስት4 ግን ይህ መዝገብ አለው። ቦታ ካላችሁ ፋይሉን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጣችሁ፣ ይህኛውን በኤክስት4 ፎርማት አድርጋችሁ መልሱት። ቦታ ከሌላችሁ ኤንቲኤፍኤሱን እንዳለ ተጠቀሙበት፤ ፊልም ለማየት ብቻ ከሆነ ይሠራል።

የማይተካ ነገር፣ እንደ ሰርግና እንደ ለቅሶ ቪዲዮ ያለ፣ ከዚህ ሁሉ በፊት ሌላ ቦታ ኮፒ ይኑረው። ሰርቨር ማለት መጠባበቂያ ማለት አይደለም።

3. ምርጫው

ዊንዶውስ። ማሽኑ ላይ ካለ፣ የምታውቁትም እሱን ብቻ ከሆነ፣ አያሳፍርም። ጄሊፊን ዊንዶውስ ላይ በደንብ ይሠራል። ሁለት ነገር ግን አለ። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለ ኢንቴልን ነው። ሌላው የመብራቱ ፈተና ነው። የጄሊፊን መጫኛ ሲከፈት ሁለት አማራጭ ይሰጣችኋል፦ ተራው አጫጫንና «ሰርቪስ» የሚለው። ተራውን ከመረጣችሁ ፕሮግራሙ የሚነሳው ሰው ፓስወርድ አስገብቶ ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ፓስወርድ መጠየቂያው ላይ ደርሶ ሰው ይጠብቃል። ዊንዶውስ ከመረጣችሁ «ሰርቪስ» የሚለውን ምረጡ፣ ስሊፕም አጥፉ። አፕዴት አድርጎ ራሱን የሚያስነሳበትን ሰዓትም ሰው ፊልም በማያይበት አድርጉት።

ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ሰርቨር። የኔ ምርጫ ዴቢያን ነው። አሁን ያለው 13ኛው በኦገስት 2025 የወጣ ነው፤ አንድ ዴቢያን የረጅም ጊዜ ድጋፉ ተጨምሮ ለ5 ዓመት ያህል ጥገና ያገኛል። ያለ ዴስክቶፕ ስትጭኑት ትንሽ ራም ነው የሚይዘው። ኡቡንቱ 24.04ም እንዲሁ 5 ዓመት ድጋፍ አለው፣ የተወለደውም ከዴቢያን ነው። ኡቡንቱን የለመደ ሰው ወደ ዴቢያን ለመዞር ምክንያት የለውም። ዊንዶውስ 11 የናቃቸው 6ኛና 7ኛ ትውልድ ማሽኖች እዚህ ላይ እንደ አዲስ ይሠራሉ። ክፉ ጎኑ ጥቁር ስክሪን ላይ መጻፍ መኖሩ ነው። መጀመሪያ ያስፈራል፣ ግን የምትጽፉት ከአስር መስመር ብዙም አይበልጥም፤ እሱንም ከጄሊፊን ድረ ገጽ ኮፒ ማድረግ ትችላላችሁ።

ኦፕንሚዲያቮልት። ዴቢያን ሆኖ በብሮውዘር የሚታዘዝ ነው። ዲስክ መጨመሩን፣ ፎልደር ማጋራቱን በማውዝ ትሠራላችሁ። ጥቁሩን ስክሪን ጨርሶ የማይፈልግ ሰው ይህን ይሞክር። ለሲስተሙ የተለየ ዲስክ ይፈልጋል፤ አንድ ትንሽ ኤስኤስዲ ይበቃል። ጄሊፊን የሚገባው በዶከር፣ ማለትም ፕሮግራሙን ለብቻው አሽጎ በሚያሠራ መሣሪያ፣ በኩል ስለሆነ ግን ሲበላሽ የሚፈተሽበት ቦታ ይበዛል።

ትሩናስና አንሬድ። ብዙ ዲስክ ላለው ሰርቨር የተሠሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ናቸው፤ ቪዲዮ ላይ ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለነዚህ ነው። መጥፎ አይደሉም፣ የሌላ ሰው ልብስ ናቸው እንጂ። ትሩናስ ቢያንስ 8 ጊጋ ራም፣ ለራሱ ብቻ የሚሆን ዲስክና ከውስጥ የተገጠሙ ዳታ ዲስኮች ይፈልጋል። የዳታ ዲስኮቹንም በራሱ ዓይነት ፎርማት ያደርጋቸዋል፤ ሙሉ ዲስካችሁን ይዛችሁ መጥታችሁ እንዳለ መጠቀም የለም። አንሬድ የተለያየ መጠን ያላቸውን ዲስኮች ማደባለቁ ደስ ይላል፣ ነገር ግን ፈቃዱ በዶላር ይገዛል፤ አንድ ዲስክ ሲሞት ዳታውን ለመመለስ የሚመደበው ዲስክም ከሌሎቹ ማነስ የለበትም። አራት አምስት ዲስክ ያለው ሰው ያስብበት። አንድ የዩኤስቢ ዲስክ ላለው ሰው ግን ለአንዲት በግ በረት መሥራት ነው።

4. ዴቢያንን መጫን

አንደኛ፣ የፊልም ዲስኩን ንቀሉ። አሁኑኑ። መጫኛው «ሙሉ ዲስኩን ተጠቀም» የሚል ምርጫ አለው፤ ሁለት ዲስክ ካየ ደግሞ የቱን ብሎ ይጠይቃል። በሌሊት፣ ዓይኑ ደክሞ የተሳሳተውን የመረጠ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

ከዴቢያን ድረ ገጽ ትንሹን የመጫኛ ፋይል አውርዱ። ከ1 ጊጋባይት በታች ነው፣ የቀረውን በመጫን ላይ ሳለ ከኢንተርኔት ያወርዳል። መስመራችሁ የማይታመን ከሆነ ትልቁን የዲቪዲ ፋይል ጥሩ ኢንተርኔት ካለበት ቦታ አውርዳችሁ አምጡ። ሩፈስ ወይም ኤቸር በሚባለው ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጻፉት። ፍላሹ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ይጠፋል።

ፍላሹን ሰክታችሁ ኮምፒውተሩን ስታስነሱ የማስነሻ ምርጫውን ጥሩ። ዴልና ሌኖቮ ላይ ብዙውን ጊዜ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ነው። ወደ ራውተሩ በገመድ ብታያይዙት ይሻላል፤ ዋይፋይ ለሰርቨር ብዙም አይመችም።

ሲጭን ሦስት ቦታ ላይ ልብ በሉ። የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) ፓስወርድ ሲጠይቅ ባዶውን እለፉት፤ ያኔ በስማችሁ የምትከፍቱት አካውንት የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ያገኛል። ፓስወርድ ከሰጣችሁት ግን በኋላ «ሥልጣን የለህም» እያለ ያንገላታችኋል። ሁለተኛ፣ የሶፍትዌር ምርጫው ላይ የዴስክቶፖቹን ምልክት ሁሉ አንሱ፤ «ኤስኤስኤች ሰርቨር»ንና መደበኛ መሣሪያዎቹን ብቻ ተዉ። ኤስኤስኤች ካለ ከዚያ በኋላ ሰርቨሩን ከላፕቶፓችሁ ሆናችሁ ታዙታላችሁ፣ ስክሪንም ኪቦርድም አያስፈልገውም። ሦስተኛ፣ ሰዓቱን አዲስ አበባ ወይም የምትኖሩበት ከተማ ላይ አድርጉት።

ከዚያ ወደ ራውተራችሁ ገጽ ገብታችሁ ለሰርቨሩ አድራሻውን ቋሚ አድርጉለት፣ ለምሳሌ 192.168.1.50። ይህን ካላደረጋችሁ ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ሌላ ቁጥር ሊሰጠውና ቲቪው ላያገኘው ይችላል።

5. ዲስኩን ማያያዝ

የኔ ጥፋት የነበረው እዚህ ነው።

ሊኑክስ ሲነሳ የትኛውን ዲስክ የት እንደሚያያይዝ የሚያነበው ኤፍኤስታብ ከሚባል ፋይል ነው። እዚያ ላይ ለፊልም ዲስካችሁ አንድ መስመር ትጨምራላችሁ። ዲስኩን በተሰካበት ቀዳዳ ስም አትጥሩት፤ ዳግም ሲነሳ ስሙ ሊቀያየር ይችላል። ዩዩአይዲ በሚባለው የራሱ መለያ ቁጥር ጥሩት። ኖፌይል (nofail) የምትባለውን ቃልም አስገቡ። ትርጉሟ «ዲስኩን ካጣኸው እለፈው፣ መነሳትህን ቀጥል» ነው። እኔ እሷን ረስቼ ነበር። መብራቱ ሲመጣ ዲስኩ አልተነሳም፤ ሰርቨሩም «ዲስክ ጎደለኝ» ብሎ የአደጋ ጊዜ ሁነታ ውስጥ ገብቶ ፓስወርድ እየጠየቀ ቆመ። እናቴ ምን ታድርግ?

መስመሩን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ኮምፒውተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት «ሁሉንም አያይዝ» የሚለውን ትእዛዝ (mount -a) ስጡት። የአጻጻፍ ስህተት ካለ ብዙውን ጊዜ ያኔውኑ ይነግራችኋል፤ የዲስኩ ቁጥር ከተሳሳተ ግን ኖፌይል ስላለች ዝም ብሎ ሊያልፈው ስለሚችል ፊልሞቹ ፎልደሩ ውስጥ መታየታቸውንም እዩ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚያለቅስበት ነገር ፈቃድ ነው። ጄሊፊን ሊኑክስ ላይ የሚሠራው በናንተ ስም ሳይሆን ጄሊፊን በሚባል የራሱ አካውንት ነው። ዴስክቶፕ ያለው ሊኑክስ ዲስኩን በራሱ ሲከፍተው ለገባው ሰው ብቻ ነው የሚከፍተው። ጄሊፊን ሲገባ ባዶ ፎልደር ያያል፣ እናንተም «ፊልሜ ጠፋ» ትላላችሁ። አልጠፋም። ዲስኩን በኤፍኤስታብ በኩል ሌላ ፎልደር ላይ አያይዙትና ለሁሉም የማንበብ ፈቃድ ስጡ።

6. ጄሊፊንን ማስገባት

የጄሊፊን ድረ ገጽ ላይ ለዴቢያንና ለኡቡንቱ የሚሆን አንድ የመጫኛ መስመር አለ። ኮፒ አድርጋችሁ ኤስኤስኤቹ ላይ ለጥፉት። ሲጨርስ ላፕቶፓችሁ ላይ ብሮውዘር ከፍታችሁ የሰርቨሩን አድራሻ፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ 8096 ጻፉ። የቀረው ጥያቄና መልስ ነው። በዚህ መንገድ የገባ ጄሊፊን ማሽኑ ሲነሳ ሰው ሳይጠብቅ አብሮ ይነሳል።

ፊልሞቹን እያንዳንዳቸውን በየራሳቸው ፎልደር አድርጉ፤ ስማቸውንና የወጡበትን ዓመት በቅንፍ ስጧቸው። የቤተሰብ ቪዲዮን ግን ከፊልም ጋር አትቀላቅሉ። ለብቻው ላይብረሪ ስጡት፣ ዓይነቱንም የቤት ቪዲዮ በሉት። አለበለዚያ ጄሊፊን የአክስታችሁን ማኅበር ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ የማታውቁትን ፊልም ፖስተር ይለጥፍበታል። የአማርኛ የፋይል ስም ችግር የለውም።

ከዚያ ዳሽቦርዱ ውስጥ ትራንስኮዲንግ የሚለው ጋ ገብታችሁ የኢንቴሉን ኪውኤስቪ (ቅየራውን በግራፊክሱ የሚያሠራውን) ምረጡ። አልሠራ ካለ ጄሊፊን የሚለው አካውንት ሬንደር የሚባለው ቡድን ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። ግራፊክሱን መንካት የሚችለው ያ ቡድን ነው።

7. የአማርኛ ትርጉም ጽሑፍ አራት ማዕዘን ሆኖ ሲወጣ

ፊልም ላይ የአማርኛ ሰብታይትል የሚጨምሩ ሰዎች ይህን ማወቅ አለባቸው። ፋይሉ በዩኒኮድ፣ ማለትም በዩቲኤፍ-8 የተቀመጠ ይሁን። በድሮዎቹ የግዕዝ መጻፊያዎች የተጻፈ ከሆነ የሚወጣው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው። ጽሑፉ ትክክል ሆኖ ሳለ አንዳንድ ቲቪ ላይ ባዶ ሳጥን ብቻ ከታየ ደግሞ ችግሩ ፎንት ነው። ቲቪው ራሱ የኢትዮጵያ ፊደል ከሌለው ምንም አያደርግም። ጄሊፊን ጽሑፉን ከምስሉ ጋር አትሞ እንዲልክ ማዘዝ ትችላላችሁ። ያኔ ግን የሚያትምበት ፎንት ሰርቨሩ ላይ መኖር አለበት፤ ያለ ዴስክቶፕ የተጫነ ዴቢያን ደግሞ ፎንት የለውም ማለት ይቻላል። ከዴቢያን ማከማቻ አቢሲኒካን ወይም የኖቶ ፎንቶችን ጫኑ። ማተሙ ትራንስኮድ ስለሚፈልግ ኪውኤስቪው መስተካከሉ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

8. ፈተናው

ኮምፒውተሩ መብራት ሲያገኝ ራሱ እንዲነሳ የሚታዘዘው ባዮስ (ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ነው። ዴል ላይ «ኤሲ ሪከቨሪ»፣ ኤችፒና ሌኖቮ ላይ «አፍተር ፓወር ሎስ» ይባላል። «ፓወር ኦን» ወይም «ኦን» የሚለው ላይ አድርጉት፣ «ላስት ስቴት» የሚለው ላይ አይደለም። ብዙ ላፕቶፕ ይህ ምርጫ የለውም፤ ባትሪው ካለቀ ሰው መጥቶ መጫን አለበት። ላፕቶፕ ከሆነ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳያንቀላፋም ማስተካከል አትርሱ።

አሁን ሰርቨሩን በትእዛዝ በደንብ ዝጉት። ከሶኬቱ ንቀሉት፣ ዲስኩንም፣ ራውተሩንም። ቡና ጠጡ። ሁሉንም መልሳችሁ ሰኩና ሌላ ምንም ነገር አትንኩ። አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ስልካችሁ ላይ ጄሊፊንን ክፈቱ። ፊልሙ ከተጫወተ ስክሪኑንና ኪቦርዱን ነቅላችሁ ማሽኑን ከቲቪው ጀርባ አስቀምጡት፣ አየር እንዲያገኝ ብቻ ከግድግዳው ትንሽ አርቁት። ካልተጫወተ መጀመሪያ የዲስኩን መስመር እዩ። እኔ ቤት ሁለቴ አልተጫወተም። በሦስተኛው እናቴ እኔን ሳትጠብቅ ሰርጉን ከፍታ ነበር፤ እኔ ስገባ ኬኩ ጋ ደርሳለች።